ማንደጃ በክረምት

ሐምሌ ከገባ ጀምሮ አዲስ አበባ ላምበረት መናኸሪያ አካባቢ የበቆሎ ጥብስ ሽታ ከእርጥብ አፈር ሽታ ጋር ተደባልቆ ይውላል። የኮሪደር ልማቱ በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ዋና ዋናዎቹ ጎዳናዎች ለመንገድ ዳር ንግድ ስለማይመቹ፣ ጠባሾቹ ገባ ብለው በውስጥ ለውስጡ መንገድ ይቀመጣሉ። ዕቃቸው ጥቂት ነው፤ አሮጌ የመኪና ቸርኬ ወይም ከበርሜል ቆርቆሮ የተሠራ ማንደጃ፣ ከላዩ ሽቦ፣ ከጎኑ በላስቲክ የተሸፈነ ከሰል፣ ለማራገቢያ የሚሆን ካርቶን፣ ከራስ በላይ ጃንጥላ። ሰው ሁሉ ኩርምት ባለበት ዝናብና ነፋስ ይህ ትንሽ ዕቃ በቆሎውን አሳምሮ ያበስላል። እንዴት እንደሚችለው መረዳት ደስ ይላል፤ ሕይወትም ያተርፋል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ሳሳ ያለ በመሆኑ በአንድ ትንፋሽ የምንስበው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ከሚገኘው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ውኃም በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ቅቅል በቆሎ የምትሸጠው ጎረቤት ድስቷን በጠዋት መጣድ ያለባት አንድም ለዚህ ነው፤ ውኃው የቱንም ያህል ቢንተከተክ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ፍም ግን እንዲህ ያለ ወሰን የለበትም። ቀልቶ የጋለ ከሰል ከ700 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ ሙቀቱም ወደ በቆሎው የሚደርሰው በአብዛኛው በጨረር ነው። ነፋስ የሞቀውን አየር ጠራርጎ ይወስዳል፤ ጨረሩን ግን አይነካውም። በብርድ ቀን ማንደጃ ዳር የተቀመጠ ሰው ፊቱ እየተለበለበ ጀርባው የሚንቀጠቀጠው በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለዚህ የጠባሿ ሙያ ከሁሉ በፊት አየርን ማዘዝ ነው። የጨረር ኃይል ከፍሙ ሙቀት ጋር እኩል አያድግም፤ ሙቀቱ ጥቂት ከፍ ሲል ጨረሩ በብዙ ይበረታል። ካርቶኑን ሁለት ሦስቴ ስታወዛውዝ በቆሎው ወዲያው መንጣጣት የሚጀምረው ለዚህ ነው። ፍሙ አመድ ሲለብስ ደግሞ ሙቀቱ ይታፈናል፤ ያኔ በእንጨት ነካ ነካ አድርጋ አመዱን ታራግፈዋለች። በቆሎው ገና ለጋ ከሆነ ግን አመዱን ሆን ብላ ትተወዋለች። ለጋ ፍሬ ኃይለኛ እሳት ካገኘው ላዩ አርሮ ውስጡ ጥሬ ይቀራልና።

«ማዘር፣ ለጋ አለዎት?» ይላል የታክሲ ረዳት፣ እጁን ፍሙ ላይ እያሞቀ።

«አለልህ የኔ ልጅ። ጠንከር ያለውን አትሞክረውም?»

ጥያቄዋ ተራ የሻጭ ጨዋታ አይደለም። እሸት ከአገዳው ከተለየበት ሰዓት አንሥቶ ስኳሩ ወደ ስታርች እየተለወጠ ይሄዳል። ሙቀት ለውጡን ያፋጥነዋል፣ ብርድ ያዘገየዋል። ጥፍር ሲነካው ወተት የሚረጨው ለጋው ነው፤ ጣፋጭ ነው፣ ቶሎም ይበስላል። ጠና ያለው ጥርስ ይፈልጋል፣ ሆድ ግን ይይዛል። እኔ ጠና ያለውን እመርጣለሁ፤ ከሰል ላይ ዳር ዳሩ ጠቆር ሲል የሚሰጠው ጣዕም ለጋው ላይ አይገኝም። የፍልሰታ ጾም በዚሁ ወቅት መዋሉም ለበቆሎው ገበያ ይረዳዋል። ቅቤ ሳይሻ፣ ሳህን ሳይፈልግ፣ በራሱ ልባስ ተጠቅልሎ እጅ ላይ ይደርሳል። ከአሜሪካ አህጉር የመጣው ይህ እህል ዛሬ በምርት ብዛት ከአገራችን እህሎች ቀዳሚው ነው፤ በሚዘራበት መሬት ስፋት ግን ጤፍ ይበልጠዋል።

ከሰሉ ራሱ ረጅም መንገድ ተጉዞ የመጣ ነው። በክብደት ቢመዘን ከደረቅ እንጨት ሁለት እጥፍ ገደማ ሙቀት ይሰጣል። ለዚህ የሚከፈለው ዋጋ ግን ከባድ ነው። እንጨቱ ተከምሮ፣ በሣርና በአፈር ታፍኖ ለቀናት ሲከስል አብዛኛው ክብደቱ በጭስና በእንፋሎት ይጠፋል። ለረጅም ዘመን ለአዲስ አበባ ከሰል ሲባል የተጨፈጨፈው የስምጥ ሸለቆው ግራር ነው፤ ይህን ሳስብ በቆሎው ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል።

የሚያጽናናው ታሪክ ከአዊ ይመጣል። በፋግታ ለኮማ ወረዳ ያሉ ገበሬዎች መሬታቸው በአሲድ ተጎድቶ ምርት ሲነሣቸው፣ ከአውስትራሊያ የመጣውን ደከረንስ የተባለ የግራር ወገን ተከሉ። በመጀመሪያው ዓመት በችግኞቹ መሀል ጤፍ ይዘራሉ። ቀጥሎ ሣሩን ለከብት ያጭዳሉ። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉን ቆርጠው ያከስሉና ማሳውን እንደገና ይተክሉታል። ከሰሉ በመኪና ተጭኖ አዲስ አበባ ይገባል። የተፈጥሮ ደን ሳይነካ ገበሬ በከሰል ቤት ሲሠራና ልጅ ሲያስተምር ታየ። በቅርብ ዓመታት ዛፉን ያጠቃው በሽታ ይህን ሁሉ ስጋት ላይ ጥሎታል፤ ስለ ከሰል በሚወራበት ቦታ ሁሉ መነሣት ያለበት ጉዳይ ይመስለኛል።

ከማንደጃዎች መካከል ላቀችን የማያውቅ የከተማ ቤት ጥቂት ነው። በኬንያው የሸክላ ጂኮ አርአያ በ1980ዎቹ የተዘጋጀች፣ ወገቧ ቀጠን ያለ፣ ውስጧ ሸክላ የለበሰ ምድጃ ናት። ሸክላው ሙቀቱ በቆርቆሮው እንዳያመልጥ ስለሚይዘው ከተራው ማንደጃ አንድ አራተኛ ያህል ከሰል ትቆጥባለች። ለጀበናና ለድስት ተወዳዳሪ የላትም። በቆሎ ጠባሽ ግን ሰፊ ፊት ያለው ማንደጃ ትፈልጋለች፤ አምስት ስድስት ራስ በቆሎ ጎን ለጎን ተጋድሞ ሁሉም ፍሙን ማየት አለበት። ስለዚህ ቸርኬው ቦታውን አልለቀቀም።

የክረምት ትልቁ ጠላት ከብርዱ ይልቅ እርጥበቱ ነው። ከሰል ቀዳዳው ብዙ በመሆኑ ውኃ ይጠጣል። እርጥብ ከሰል ሲቀጣጠል መጀመሪያ የያዘውን ውኃ ለማትነን ሙቀቱን ይጨርሳል፤ እየፈነጠረም ልብስ ይበሳል። ልምድ ያላቸው ጠባሾች ከሰላቸውን ከላይ መሸፈን ብቻ ሳይሆን ከሥሩም ድንጋይ ወይም ጣውላ ያደርጉለታል፤ ከሰሉ የተያዘበት ማዳበሪያ ከመሬት ውኃ ይስባልና። ለነገ የሚሆነውን ደግሞ ከተቀጣጠለው ቀጥሎ ዳር ዳሩን ደርድረው ያደርቁታል። ማታ ፍሙን በውኃ ከማጥፋት በቆርቆሮ ከድኖ አየር መንሣት ይሻላል፤ የተረፈው ደረቅ ሆኖ ያድራል፣ ጠዋትም ቶሎ ይያያዛል።

ማንደጃ የደጅ ዕቃ ነው እላለሁ፤ ይህን የምለው ግን ስለ ማብሰያነቱ ብቻ አይደለም። በቆሎው በመስከረም ያልቃል፤ ዋናው ብርድ ግን ያኔ ገና አልመጣም። በአዲስ አበባ ሌሊቱ በጣም የሚቀዘቅዘው ሰማዩ ጠርቶ ደመና በሌለበት በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ያን ጊዜ ከላምበረት እስከ ኮተቤ ባሉት ጠባብ የኪራይ ክፍሎች ማንደጃው ለሙቀት ሲባል ወደ ቤት ይገባል። ብዙ ሰው «ጭሱ ይውጣለት» ብሎ ከሰሉ ደጅ እስኪቀላ ይጠብቃል፤ ከቀላ በኋላ የሚጎዳ አይመስለውም። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ጭስ የለውም፣ ቀለምም ሽታም የለውም። ፍም ላይ አንዳንዴ የምትታየው ሰማያዊ ነበልባል ይኸው ጋዝ ሲነድ ነው፤ ነበልባሏ ስትጠፋ ጋዙ ሳይነድ ወደ ክፍሉ ይለቀቃል። ወደ ደም ሲገባ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ከሄሞግሎቢን ጋር ይጣበቃል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ያስከትላል፤ የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቀው ያልፋል። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን በየጊዜው የሚያስጠነቅቀው ስለዚሁ ነው። ዝናብ ሲበረታ ማንደጃውን ይዞ ዙሪያው በተዘጋ የላስቲክ ዳስ ውስጥ መቀመጥም ከቤት ውስጡ አይለይም፤ ቢያንስ በሁለት በኩል ክፍት መሆን አለበት።

በዚህ ጋዝ የታፈነ ሰው ቢገኝ በሩንና መስኮቱን ከፍቶ ወዲያው ወደ ደጅ ማውጣት ያስፈልጋል። ነፍሱን ቢያውቅም ሐኪም ቤት መሄድ አለበት። በንጹሕ አየር ብቻ ከደም ውስጥ የጋዙ ግማሽ እስኪወጣ አራት አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ በኦክስጅን ጭንብል ግን አንድ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃዋል።