ቢጫ መብራትና ቢጫ በቆሎ፦ ስለሚቆራርጥ ሞተር ተረትና እውነታ

ባኮ የበቆሎ አገር ናት። ከእርሻ ምርምር ማዕከሏ የወጡት፣ ገበሬው «ቢኤች 660» እና «ቢኤች 540» የሚላቸው ዝርያዎች ስማቸውን የወሰዱት ከከተማዋ ነው። እዚህ ያደገ ገበሬ የበቆሎው ቅጠል ቢጫ ሲሆንበት ነቅሎ አይጥለውም፤ ጎንበስ ብሎ ያየዋል። ቢጫው ከታች ካሉት አሮጌ ቅጠሎች ጀምሮ ከሆነ ናይትሮጅን አንሶታል። ማሳው ላይ ውኃ ተኝቶ ከሆነ ደግሞ ሥሩ ታፍኗል። ምልክቱ አንድ፣ ምክንያቱ ብዙ መሆኑን ያውቃል።

ከአምቦ ወደ ነቀምቴ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ዳር ኮፈኑን የከፈተ አሮጌ ኮሮላ ወይም ቪትዝ ሲቆም ግን ይህ ጥበብ ይረሳል። ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ሥዕል ያላት ቢጫ መብራት በርታለች፤ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ይቆራርጣል። ወዲያው «ጋሼ፣ ሞተሩ ይውረድ» ይባላል። እኔም አንድ ጊዜ አራቱንም ካንዴላ፣ ቀጥሎ አራቱንም ኮይል ካስቀየርኩ በኋላ ጥፋቱ አንዲት የተሰነጠቀች የአየር ቱቦ ሆና ተገኘች። ከወጣው ገንዘብ ይልቅ ያልጠየቅሁት ጥያቄ ይቆጨኛል።

ነገሩ የእኔ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት አስወደደ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። እንግዲህ በእጃችን ያለችው አሮጌ መኪና ገና ብዙ ዓመት ልታገለግለን ነው። ስለዚህ ስለ እርሷ የምናምነውን ነገር መፈተሽ ይገባናል።

ተረት 1፦ ሞተር ከቆራረጠ አልቆለታል፤ መውረድ አለበት

እውነታው፦ አንድ ሲሊንደር ለመተኮስ አራት ነገር ይፈልጋል፦ አየር፣ ነዳጅ፣ የእሳት ብልጭታ እና ኮምፕሬሽን። ከአራቱ አንዱ ሲጎድል ሲሊንደሩ ሥራውን ይዘላል፤ መካኒኮች «ሚስ ያደርጋል» የሚሉት ይህንን ነው። ሞተር ማውረድ የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ አራተኛው ብቻ ነው። የቀሩት ሦስቱ በካንዴላ፣ በኮይል፣ በኢንጀክተር፣ በፊልትሮ ወይም በቱቦ የሚያልቁ ናቸው።

ኮምፕሬሽኑንም ቢሆን በግምት መፍረድ አይገባም። በካንዴላው ቀዳዳ መለኪያ ገብቶ ግፊቱ ይለካል። የአንዱ ሲሊንደር ግፊት ከሌሎቹ በጣም ካነሰ በዚያው ቀዳዳ ጥቂት የሞተር ዘይት ጠብ ይደረግና እንደገና ይለካል። ግፊቱ ከፍ ካለ የላላው የፒስተን ፋሻ ነው፤ ካልተነሣ ጥርጣሬው ወደ ቫልቭ ወይም ወደ ቴስታታ ጓርኒሲዮን ይዞራል። ይህ ልኬት ሳይደረግ «ሞተሩ ይውረድ» የሚል ፍርድ ምስክር ሳይሰማ የተሰጠ ፍርድ ነው።

ተረት 2፦ ማሽን ሲሰካ የተበላሸውን ዕቃ ይናገራል

እውነታው፦ ማሽኑ የሚያነበው የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበውን ኮድ ነው፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ካንዴላውን አያየውም። የሚያየው የሞተሩን ዙር ነው። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ሲሊንደር በሴኮንድ 25 ጊዜ ይተኩሳል፤ በተኮሰ ቁጥርም ዙሩ በጥቂቱ ይፈጥናል። የአንዱ ተራ ደርሶ ፍጥነቱ ሳይጨምር ሲቀር ኮምፒውተሩ ያንን ይቆጥራል። ማሽኑ ላይ የሚወጣው «ፒ 0301» የሚል ኮድ «አንደኛው ሲሊንደር ተራውን ዘለለ» ማለት ነው፤ «ፒ 0300» ደግሞ መዝለሉ በአንድ ሲሊንደር እንዳልተወሰነ ይናገራል። ማን እንደዘለለ ይነግረናል፤ ለምን እንደዘለለ መጠየቅ የእኛ ሥራ ነው።

የሚጠየቀውም ገንዘብ በማያስወጣ መንገድ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ የአንደኛው ሲሊንደር ኮይል ከሁለተኛው ጋር ይቀያየራል። ኮዱ ተዛውሮ «ፒ 0302» ካለ ጥፋተኛው ኮይሉ ነው። ካልተዛወረ ካንዴላው በዚሁ መንገድ ይፈተናል፤ ከዚያ ኢንጀክተሩ። አዲስ ዕቃ የሚገዛው ጥፋተኛው ከታወቀ በኋላ ነው።

እንደ ዲኤክስ ያሉ ካርቡራተር ያላቸው አሮጌ መኪኖች ይህ ኮድ የላቸውም። እዚያ ካንዴላው ራሱ ይናገራል። ጫፉ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ጤነኛ ነው። ደረቅ ጥላሸት ቤንዚን መብዛቱን፣ በዘይት መርጠብ ዘይት ወደ ሲሊንደሩ መግባቱን፣ ነጭ ሆኖ መቃጠል ከልክ ያለፈ ሙቀትን ያሳያል።

ተረት 3፦ መብራቷ ቆማም በራች፣ ብልጭ ድርግምም አለች፣ ያው ነው

እውነታው፦ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ቆማ የምትበራ ቢጫ መብራት «አስመርምረኝ» ትላለች፤ መኪናው ደህና ከሄደ ቀስ ብሎ ጋራዥ መድረስ ይቻላል። ብልጭ ድርግም የምትል ከሆነ ግን ያልተቃጠለ ቤንዚን በጭስ ማውጫው በኩል እየወጣ፣ ጭሱን በሚያጣራው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ውስጥ እየነደደ ነው። ውስጡ ቀልጦ ከተዘጋ ሞተሩ ጭሱን ማስወጣት ያቅተዋል፤ አንድ ካንዴላ ያመጣው ጥፋትም የካንዴላውን ዋጋ ብዙ ጊዜ አጥፎ ያስከፍላል። ከባኮ ወደ ጌዶ በሚያወጣው ዳገት ላይ ይህ ከገጠመ ቤንዚኑን አለመርገጥ፣ ጥግ ይዞ ማቆም ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ተረት 4፦ ባትሪ ነቅሎ መመለስ መብራቷን ያጠፋል፤ መኪናውም ተጠገነ

እውነታው፦ የጠፋው መዝገቡ ነው። ኮምፒውተሩ ኮዱን ብቻ ሳይሆን ጥፋቱ በደረሰበት ሰዓት ሞተሩ ምን ያህል እንደሞቀ፣ ምን ያህል እንደተጫነም ይመዘግባል፤ ባትሪው ሲነቀል ይህ ሁሉ ሊጠፋ ይችላል። ጥፋቱ ግን ባለበት ነው፣ መብራቷም ትመለሳለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰውም ይህን ይፈትሽ፦ ቁልፉ ሲዞር፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ ቢጫዋ መብራት መብራት አለባት፤ ሞተሩ ሲነሣ ትጠፋለች። ጭራሽ ካልበራች አምፖሏ ተቃጥሏል ወይም ሆን ተብሎ ተነቅሏል።

ተረት 5፦ ቀዮቹ መብራቶች ከሞተር መቆራረጥ ጋር ግንኙነት የላቸውም

እውነታው፦ አላቸው፤ ከቢጫዋም ይልቅ አስቸኳይ ናቸው። የባትሪ ሥዕል ያላት ቀይ መብራት የምትናገረው ስለ ኃይል መሙላት ነው፦ ዲናሞው ካልሞላ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ብልጭታው ይደክማል፣ ሞተሩም መቆራረጥ ይጀምራል። የሙቀቷ ቀይ መብራት ከበራች ደግሞ፣ ሙቀቱ ከልክ ያለፈ ሞተር የቴስታታ ጓርኒሲዮኑን ሊያቃጥል፣ ውኃም ወደ ሲሊንደሩ ሊገባ ይችላል። የራዲያተር ውኃ ያለ ምክንያት ከጎደለና ጠዋት ሲነሣ ቆራርጦ ነጭ እንፋሎት ካበዛ ይህን መጠርጠር ነው። የጋለ ራዲያተር ግን አይከፈት።

የዘይቷ ቀይ መብራት ደግሞ የምትለካው ግፊትን ነው። የዘይቱ መጠን ሙሉ ሆኖ እንኳ ፓምፑ ከደከመ ትበራለች። «ደርሼ እጨምራለሁ» ማለት አይሠራም፤ ሞተሩን እዚያው ማጥፋት ነው።

መካኒክ ጋ ከመድረስ በፊት

ገበሬው ቅጠሉን እንደሚያየው ባለመኪናውም የሚያየው አለው። በሚኒሞ ቆሞ የሚንቀጠቀጥና ሲፋጥን የሚሻለው ሞተር ብዙ ጊዜ አየር በስንጥቅ እየሳበ ነው፤ የእኔዋ ቱቦ ምልክቷ ይህ ነበር። ሜዳ ላይ ደህና ሆኖ ከባኮ ወደ ጌዶ ሲወጣ የሚቆራርጥ ከሆነ ብልጭታውን ወይም የነዳጁን ግፊት መጠርጠር ነው። ዝናብ ሲዘንብ ብቻ ከሆነ የካንዴላ ገመዶቹና ኮይሎቹ ይታዩ። በጀሪካን የተገዛ ቤንዚን ከተቀዳ በኋላ ከጀመረ ውኃ ሊኖረው ይችላል፤ ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ታንከር ሥር ይተኛል።

መካኒኩን «ምን ይቀየር?» ከማለት ይልቅ «ዳገት ላይ፣ ሲሞቅ፣ ትናንት ቤንዚን ከቀዳሁ ወዲህ» እንበለው። እንዲህ የተነገረው መካኒክ ፍለጋውን ከትክክለኛው ቦታ ይጀምራል።