ሐረጎን በአንድ ጠዋት?

«ሦስት ቀን ሮጥኩ፤ በአራተኛው ከአልጋዬ መውረድ አቃተኝ!» ትላለች የ26 ዓመቷ የኮምቦልቻ ወጣት። ለጓደኛዋ ሠርግ ሚዜ ልትሆን የተሰፋላት ቀሚስ ዚፑ አልዘጋ ብሏት ነው ነገሩ የጀመረው። በድንጋጤ የወንድሟን ቱታ ተዋሰች፣ ሆዷ ላይ ፌስታል ጠቀለለች፣ ገና ሳይነጋ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ተያያዘችው።

ኧረ እህቴ! ሐረጎ እኮ መኪናውንም ያስለከልካል። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ናት፤ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500። ለዓመታት ወንበር ላይ የዋለ ጉልበት በመጀመሪያው ቀን ይህን ዳገት በሩጫ ሲጠየቅ ቢያምፅ አይፈረድበትም። ፌስታሉማ ጭራሽ አይነሳ! የሚያወጣው ላብ ነው፤ ላብ ደግሞ ውሃ እንጂ ስብ አይደለም። ሚዛኑ ላይ የቀነሰው ውሃ ሲጠጡ ይመለሳል። በዚያ ላይ ሙቀት ሰውነት ውስጥ አፍኖ ራስን እስከ መሳት ያደርሳል።

ቀሚሱ በልብስ ሰፊ ሰፋ፣ ሠርጉም አለፈ። ከወራት በኋላ ግን ራስ ምታቱ አልለቅ ብሏት ስትመረመር የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ተገኘ። እናቷም ግፊት አለባቸው። አሁን ጉዳዩ የዚፕ መሆኑ ቀረ።

ሁለተኛው አጀማመሯ ሌላ ነበር። ሐኪሟን አማከረች፤ ዳገቱን ትታ በከተማዋ ሜዳ መንገድ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ በሳምንት አራት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት መራመድ ብቻ። ፍጥነቱ እንዴት ይታወቃል? ከጓደኛችሁ ጋር ማውራት ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ ልኩ እሱ ነው። ከሦስት አራት ሳምንት በኋላ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ እያፈራረቁ መሞከር ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው፤ ፈጠን ያለ እርምጃ ይቆጠራል። ደረት የሚወጋ ወይም የሚያዞር ነገር ከተሰማችሁ ግን ቆም በሉና ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የእግረኛ መንገድ በሌለበት ደግሞ ግራውን ይዛችሁ የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እያያችሁ ተራመዱ፤ የኮምቦልቻን ከባድ መኪና ማን ያጣዋል!

ስለ ክብደት ከተነሣ፣ እውነቱ ትንሽ ይመራል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ ቢራመድ የሚያቃጥለው 140 ካሎሪ ገደማ ነው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ወደ 120 ይመልስለታል። «ዛሬማ ሄጃለሁ» እያሉ ለስላሳ መክፈት እንግዲህ ሂሳቡን ዜሮ ማድረግ ነው። ልጅቷ ለስላሳውን ተወች፣ የሻይ ስኳሯን ከሦስት ማንኪያ ወደ አንድ አወረደች። በአምስት ወር 4 ኪሎ ቀነሰች። ትንሽ ነው? የደም ግፊቷ ግን መውረድ ጀምሯል።

የከበዳት የሰው ዓይን ነበር። «ማን ከዳት ደግሞ?» የሚል ጎረምሳ በየጥጉ አይጠፋም። መፍትሔዋ የጎረቤቷን ልጅ ይዛ መውጣት ሆነ፤ ለሁለት ሲሆኑ ልከፋውም ቀነሰ፣ ወሬውም መንገዱን አሳጠረው።

ባለፈው ሰሞን ደግሞ አክስቷ አይተዋት ደነገጡ። «ምነው ልጄ ከሳሽ፣ አሞሻል እንዴ?» ብለው በቅቤ ያበደ ገንፎ አቀረቡላት። በላች ወይ?

«ግማሹን» ትላለች እየሳቀች።