በረዶ የሚገፋው ሞተርና የባለቤቴ ልብ

ልጆቻችን ውጭ አገር ወልደው «ኑና አራስ ጠይቁ፣ ሕፃኑንም ያዙልን» ሲሉን እምቢ የምንል ስንቶቻችን ነን? እኔና ባለቤቴም አሜሪካ፣ ሚኒሶታ የገባነው በዚሁ ጥሪ ነው። ልጃችን የሚኖረው ከሚኒያፖሊስ ወደ ሰሜን የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ተነድቶ፣ ጎረቤት ከጎረቤት በማይተያይበት ገጠር ነው። ከዋናው መንገድ እስከ ቤቱ በር ያለው ኮረኮንች 120 ሜትር ይሆናል። በመስከረም ስንደርስ ቅጠሉ ቀልቶ፣ «እንዴት ያለ ደስ የሚል ቦታ ነው!» አልን። በኅዳር በረዶው ሲወርድ ግን 120 ሜትር ምን ማለት እንደሆነ ገባን።

እኛ አገር በረዶ ስንል ቆርቆሮውን ቀጥቅጦ፣ ልጆች በጣሳ ለቅመውት ሳይጨርሱ የሚሟሟውን ነው። የእነሱ ድምፅ የለውም። ሌሊቱን ሲወርድ ያድርና ጠዋት በሩን ስትከፍቱት ደረጃው ጠፍቶ ታገኙታላችሁ። ካልጠረጉት ደግሞ ራሱ አይሄድም፤ በላይ በላዩ እየተደረበ እስከ መጋቢት ይቆያል። መኪና አይወጣም። ሥራም ትምህርት ቤትም የለም። ነርስ ነኝና መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ ግን «አምቡላንስ በየት ይገባል?» የሚል ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ልጄና ምራቴ የመኪናውን ጎማ የሚያሳልፍ ብቻ ጠርገው ወደ ሥራ ሄዱ። ባለቤቴ ያን ጊዜ 69 ዓመቱ ነው፤ የደም ግፊት መድኃኒት ከጀመረ 15 ዓመት አልፎታል። «ልጄ ቤት ቁጭ ብዬ የምበላ ሰው አይደለሁም» ብሎ አካፋውን አነሳ። እኔ ሕፃኑን እያጠብኩ ነበር። ከ20 ደቂቃ በኋላ በመስኮት ብቅ ስል አካፋውን ተደግፎ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል። ወጥቼ ስጠይቀው «ብርድ መትቶኝ ነው፣ ደረቴን ጨመደደኝ» አለ። ውሃ በሚቆምበት ብርድ ግንባሩ በላብ ተጠምቋል። 36 ዓመት ሕሙማን አስታምሜአለሁ፤ ያንን ላብ አውቀዋለሁ። ወደ 911 ደወልኩ፤ በሉ ያሉኝን አስፕሪን አስኘኩት፤ አስቀመጥኩት። አምቡላንሱ ዋናው መንገድ ላይ ቆሞ ባለሙያዎቹ አልጋውን በበረዶው ውስጥ እየጎተቱ ገቡ። የልቡ አንደኛው የደም ሥር ጠብቦ ተገኘና በዚያው ቀን ማስፊያ ቱቦ ተደረገለት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈ።

ስለ አካፋው ትንሽ ልበል፤ ለዚህ ነውና የምጽፈው። ብርድ የደም ሥርን ያጠብባል፣ ግፊትን ከፍ ያደርጋል። በክንድ የሚሠራ ከባድ ሥራ ከእግር ሥራ ይበልጥ ልብን ያስጨንቃል። እርጥብ በረዶ የሞላበት አካፋ ሲነሳ ደግሞ ሰው ሳያውቀው ትንፋሹን ይይዛል። ሦስቱ በአንድ ጊዜ ሲመጡ፣ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ ለከረመ ሽማግሌ ልብ ከባድ ፈተና ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበርም በረዶ በአካፋ መጥረግ የልብ ድካም ሊያስነሳ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። እናንተም ልጆቻችሁ ዘንድ ስትሄዱ የግፊት፣ የስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበት አባት «እኔ ልጥረግ» ቢላችሁ፣ እንዳያፍር አድርጋችሁ አካፋውን ተቀበሉት።

ልጄ በጋራዡ ውስጥ ኤቲቪ የሚሉት ባለ አራት ጎማ ሞተር ነበረው፤ እንጨት የሚጎትትበት። ባለቤቴ ከሆስፒታል በወጣ በሳምንቱ፣ ከፊቱ የሚገጠም በረዶ መግፊያ ገዝቶ መጣ። ፕላው ይሉታል። ግሬደር ላይ እንደምናየው ያለ ጎበጥ ያለ ሰፊ ብረት ነው፤ የእኛው 152 ሴንቲሜትር ወርድ አለው። ብረቱ ወደ ጎን ዞሮም እንኳ ከጎማዎቹ መስፋት አለበት፤ አለዚያ ጎማው ያልተጠረገውን ይረግጣል። ልጄ የመጀመሪያውን የገዛው ቸኩሎ ነበርና ከሞተሩ ሥር የሚታሰረው ሳህን ቀዳዳው አልገጠመም። ይህ ሳህን ለየሞተሩ ዓይነትና ለተሠራበት ዓመት ለየብቻው ስለሚሸጥ፣ ከመግዛት በፊት የሞተሩን ሞዴል ጽፎ መሄድ ነው። ተመልሶ ሌላው እስኪመጣ ሁለት ሳምንት በክፍያ አስጠረግን።

በታኅሣሥ አንድ ቅዳሜ ገጠምነው። ልጄ ከሥር ተኝቷል፣ እኔ ቁልፍ አቀባይ ነኝ፤ ባለቤቴ ብርድ ልብስ ለብሶ ወንበር ላይ ሆኖ ያዛል። ሞተሩ በክሪክ ብቻ ተነስቶ ሰው ከሥሩ እንዳይገባ በጠንካራ መደገፊያ ላይ አሳረፍነው። ሳህኑ በሻንሲው ቧንቧዎች ላይ በታጠፉ ብሎኖች ይታሰራል። እዚህ ላይ የፍሬን ቱቦ ወይም የመብራት ሽቦ አብሮ እንዳይጨፈለቅ በእጅ እየዳሰሱ ማየት ያስፈልጋል። ብሎኖቹን አንዱን እስከ መጨረሻው አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ ሳይሆን ሁሉንም በየተራ ጥቂት ጥቂት ማጥበቅ ነው። ከዚያ የሚገፋው ረጅም ክንድ ሳህኑ ላይ በፒን ይሰካል፤ ብረቱ ክንዱ ላይ ይገጠማል። ማንሳትና ማውረዱን የሚሠራው ከፊት የታሰረው ዊንች ነው። ሞተሩ ላይ የነበረው ዊንች የሽቦ ገመድ ነበረው፤ እኛ በሰው ሠራሽ ገመድ ለወጥነው። በረዶ ሲጠረግ ብረቱ በየደቂቃው ስለሚነሳና ስለሚወርድ፣ ሽቦው እዚያው አንድ ቦታ ላይ እየታጠፈ ክሩ ይበጠሳል። የተበጠሰ ክር ደግሞ እጅ ይቀዳል። ስንት እንዲህ ያለ ቁስል ሰፍቻለሁ!

ብረቱን ከኋላ የሚይዙት ስፕሪንጎች አሉ። ድንጋይ ሲመታ ወደ ፊት ተጎንብሶ ይለቅና ይመለሳል። በጣም ከጠበቁ ምቱ በሙሉ ወደ ሞተሩና ወደ ነጂው አንጓ ይሄዳል፤ ከላሉ ትንሽ ከበድ ያለ በረዶ ይጥለዋል። ከብረቱ ግራና ቀኝ ደግሞ ጫማ የሚመስሉ ማረፊያዎች አሉ፤ ኮረኮንች ላይ እነዚህ ብረቱን ከመሬት አንድ ሁለት ሴንቲሜትር ከፍ ካላደረጉት ጠጠሩን ከበረዶው ጋር ጠርጎ ሣሩ ላይ ይደፋዋል። እኛን ይህ አግኝቶናል። በሚያዝያ ልጄ ጠጠሩን በሬክ ሲሰበስብ እንደሚውል በስልክ ሲነግረኝ ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

የመጀመሪያው ጥርጊያ ቀን ያየነው ጉድ ግን ሌላ ነው። ልጄ ብረቱን ሲያወርድ መሬት ከነካ በኋላም ቁልፉን አልለቀቀም። ገመዱ ተተርትሮ አለቀና ዊንቹ በተቃራኒ ይጠቀልለው ጀመር። ከዚያ በኋላ «አውርድ» ሲለው ይነሳል፣ «አንሳ» ሲለው ይወርዳል! ባለቤቴ በመስኮት «ዊንቹም እንደ ዘመኑ ልጅ ሆነ» አለ። ገመዱን በሙሉ ተርትሮ እንደገና በትክክል መጠቅለል ነበረብን። ሲነሳም እንዲሁ ነው፤ ብረቱ ከላይ ከቆመ በኋላ ቁልፉን መያዝ ገመዱን ይበጥሳል ወይም የዊንቹን ሞተር ያቃጥላል።

አጠራረጉ ብዙ ጥበብ የለውም፤ ትዕግሥት ነው። በከባዱ ማርሽ፣ አራቱም ጎማ እየጎተተ፣ ሰው በፍጥነት በሚራመድበት ልክ። 30 ሴንቲሜትር እስኪከመር ከመጠበቅ በየ10 ሴንቲሜትሩ ወጥቶ መግፋት ይሻላል። የመጀመሪያውን ክምር ራቅ አድርጎ መግፋት ደግሞ ግድ ነው፤ ያ ክምር ድንጋይ ሆኖ ስለሚቆይ በጥር መንገዱ ይጠብባል። ወደ ሕዝብ መንገድ መግፋት በሚኒሶታ ሕግ ክልክል ነው።

ከልጄ ጋር የተጣላሁት በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሞተሩን «ለአምስት ደቂቃ ላሙቀው» ብሎ የጋራዡን በር ዘግቶ ማስነሳቱ። ጋራዡ ከቤቱ ጋር የተያያዘ ነው፤ ከግድግዳው ወዲህ ሕፃኑ ተኝቷል። ከሞተር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ያመጣል፣ ከዚያም ይገድላል። የከሰል ጭስ በአገራችን ስንት ቤት እንደዘጋ ሁላችንም እናውቃለን። በሩን መክፈትም አይበቃም፤ ሞተሩ ወደ ውጭ ወጥቶ ነው የሚሞቀው።

ሁለተኛው ትልቋ የልጅ ልጄ ናት። ያን ጊዜ ስድስት ዓመቷ ነው። «አባዬ፣ አንድ ዙር ብቻ» ስትለው ፊቱ ሊያስቀምጣት ሲል ደረስኩ። «እማዬ፣ ቀስ ብዬ እኮ ነው የምነዳው» አለኝ። ይህ ሞተር ለአንድ ሰው የተሠራ ነው፤ ነጂው ክብደቱን ወዲያና ወዲህ እያደረገ የሚይዘው ስለሆነ ሌላ ሰው ሲጫንበት ይገለበጣል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይነዳው ይመክራል። ከዚህ ሁሉ የባሰው ደግሞ ጥርጊያ ግማሹ ወደ ኋላ መሄድ መሆኑ ነው፤ ኮፍያ ያደረገ ነጂ ከኋላው የቆመች ትንሽ ልጅ አያያትም። ስለዚህ ሕግ አወጣን፤ ቁልፉ ከመዞሩ በፊት ልጅቷ የሳሎኑ መስኮት ላይ ቆማ ታጨበጭባለች። ሳትታይ ሞተሩ አይነሳም። መጀመሪያ አለቀሰች፤ በኋላ ግን ሥራዋ አድርጋው ማንም ሳይጠራት መስኮቱ ላይ ትገኝ ጀመር።

ለእንክብካቤው ከሥራዬ የቀረኝን ልማድ ተጠቀምኩ። የሕመምተኛ ቻርት አልጋው ግርጌ እንደሚንጠለጠል፣ እኔም ጋራዡ በር ላይ አንድ ወረቀት ሰቀልኩ። ቀን፣ ብሎን፣ ገመድ፣ ባትሪ፣ የብረቱ ጠርዝ፣ የነካው ሰው ፊርማ። ብሎኖቹ ከመጀመሪያው አንድ ሰዓት ሥራ በኋላ ይላላሉና ያኔ ደግሞ ይጠበቃሉ፤ ከዚያ በየጥርጊያው ይታያሉ። ዊንቹ ባትሪውን በኃይል ይጠባል፣ ብርዱም ያደክመዋል፤ አጭር አጭር ሥራ ደግሞ መልሶ አይሞላውም። ስለዚህ ሞተሩ በቆመ ቁጥር ትንሿን ቻርጀር መሰካት ነው። የብረቱ የታችኛው ጠርዝ ለብቻው የሚፈታ ቅጥል ነው፤ የእኛው አንድ ጎኑ ሲያልቅ ተገልብጦ በሌላው ጎን ይሠራል። ቅጥሉ አልቆ ዋናው ብረት መሬት እስኪነካ መጠበቅ ግን ገንዘብ መጣል ነው። ሥራ ሲያበቃ ብረቱ ተንጠልጥሎ አያድርም፤ ጣውላ ላይ ይወርዳል። ከመሬት ጋር አይጣበቅም፣ ገመዱ ያርፋል፣ ልጅም ከሥሩ አይገባም። የብርዱ ወራት ሲያልፍ ጨውን በውሃ ማጠብ፣ መታጠፊያውን ግሪስ መቀባት፣ ዝገቱን ፍቆ ቀለም መቀባት ነው።

ዘንድሮም እዚያው ነበርን። ባለቤቴ ሐኪሙን ጠይቆ፣ አካፋ እንዳይነካ ሞተሩን ግን እንዲነዳ ተፈቀደለት። አንድ ጠዋት 15 ሴንቲሜትር ያህል ወርዶ አደረ። ጋቢውን በካፖርቱ ላይ ደርቦ ሲወጣ «ኧረ ጎማው ይጠመጥመዋል!» ብዬ ጮህኩ፤ እያጉረመረመ አውልቆ ሰጠኝ። የልጅ ልጁ መስኮቱ ላይ አጨበጨበች። ቀስ እያለ፣ አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ እያለ፣ 40 ደቂቃ ሙሉ ጠረገና ብረቱን ጣውላው ላይ አሳረፈ። ከዚያ መነጽሩን ጠርጎ ወረቀቱን አየና «ብሎን ታይቷል፣ ገመድ ደህና ነው» ብሎ ፈረመ። ከፊርማው ጎን የራሱን የደም ግፊትም ጽፎ አገኘሁት፤ 128 በ 78።