ለፒያሳ የቴአትር ሕይወት የሰጠው ማኅበር

አንድ የከተማ ሠፈር የቴአትር መናኸሪያ የሚሆነው ሕንፃ ስለቆመበት ብቻ አለመሆኑን የአዲስ አበባው ፒያሳ ታሪክ ያስረዳል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ለትርፍ ያልተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር ከፍተኛ ሚና ነበረው።

ማኅበሩ በ1927 ዓ.ም በአቶ መኮንን ሀብተወልድ መሪነት ሲመሠረት ዓላማው ሕዝቡ የፋሺስት ኢጣሊያን ወረራ በአንድነት እንዲመክት መቀስቀስ ነበር። ለዚህም ንግግርን፣ መዝሙርንና አጫጭር ተውኔቶችን ተጠቅሟል። እንቅስቃሴው በወረራው ምክንያት ቢቋረጥም ከነፃነት በኋላ በ1934 ዓ.ም እንደገና ተቋቁሟል።

ማኅበሩ ቀደም ሲል የምሽት ክበብ የነበረን የፒያሳ ሕንፃ ወደ ቴአትር ቤት ለውጧል። ከየክፍለ ሀገሩ አዝማሪዎችንና የባህል ተጫዋቾችን በማሰባሰብም ለሥራቸው ቋሚ መድረክ አመቻችቷል። ጸሐፌ ተውኔቱ ኢዮኤል ዮሐንስ በርካታ ሥራዎቻቸውን ያቀረቡት፣ ድምፃዊ ጥላሁን ገሠሠም የሙያ ሕይወቱን የጀመረው በዚሁ ቤት ነው።

ለመድረኩ ግብዓት የሆነው የቃል ጥበብ ግን ከከተማው የራቀ ምንጭ ነበረው። ከቀደምት የአማርኛ ጸሐፌ ተውኔቶች አንዱ የሆኑት ዮፍታሔ ንጉሤ የጎጃም የቅኔ ትምህርት ውጤት ናቸው። በምሥራቅ ጎጃም የምትገኘው ዲማ ጊዮርጊስም ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን ካስተማሩ አድባራት መካከል ትጠቀሳለች። ደራሲው ከጦርነቱ በፊት ተውኔት የጻፉ ሲሆን፣ በ1958 ዓ.ም በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ልብ ወለዳቸውም ዲማን ለአንባቢ አስተዋውቀዋል።

ከ1966 ዓ.ም አብዮት በኋላ ሀገር ፍቅር በመንግሥት አስተዳደር ሥር ገብቷል። በ2016 ዓ.ም በተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ የፒያሳ ነባር ሠፈሮች በርካታ ቤቶች ፈርሰው የአካባቢው ገጽታ ተለውጧል። በመሆኑም የቅርስ ጥበቃ ጥያቄ የትኛው ሕንፃ ይቆይ ከሚለው ባሻገር፣ ባለሙያውና ተመልካቹ የት ይገናኛሉ የሚለውንም ሊያካትት ይገባል።

የዲማ ቅኔ ቤት ያለ መምህርና ያለ ተማሪ ባዶ ጎጆ እንደሚሆን ሁሉ፣ ቴአትር ቤትም ያለ ደራሲ፣ ያለ ተዋናይና ያለ ተመልካች አዳራሽ ብቻ ነው። የሀገር ፍቅር ማኅበር ያበረከተው ዋነኛ አስተዋጽኦም እነዚህን ወገኖች በአንድ ጣሪያ ሥር ማገናኘቱ ነው። በባህል፣ በቅርስና በከተማ ልማት ሥራ የተሰማሩ የመንግሥት አካላት ከማኅበሩ ተሞክሮ ሊወስዱት የሚገባው ትምህርትም ይኸው ነው።