የሠፈር ጸጥታ በማን እጅ ነው?

ጸጥታ ማለት ዱላ የያዘ ሰው በደጅ መቆሙ ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገሩን ጠለቅ ብለን ስንመረምረው ግን አንድ መንደር ሰላም የሚያገኘው በውስጡ የሚኖሩት ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲተዋወቁ፣ ጸጥታ አስከባሪውም ከነርሱ ጋር ሲተማመን መሆኑን እንረዳለን። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ የሚያገለግለው ለእሳትና ለሐዘን ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ወንጀልን ለመከላከልም ያገለግላል። ይህን እውነት በግልጽ ከሚያሳዩት ምሳሌዎች አንዱ በአሜሪካ አገር፣ በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ ዋትስ በሚባለው ሠፈር የተደረገው ነገር ነው። ልጆች የሚያሳድግ ቤተ ሰብ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ስለ ሆነ፣ ታሪኩን ከሥሩ ጀምረን እናቀርበዋለን። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የሦስቱ መንደሮች ታሪክ

ዋትስ በሎስ አንጀለስ ደቡባዊ ክፍል የሚገኝ ሠፈር ነው። በዚህ ሠፈር ውስጥ የከተማው የቤቶች ባለሥልጣን ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች በዝቅተኛ ኪራይ የሚያከራያቸው ሰፋፊ መንደሮች አሉ። ዋነኞቹም ጆርዳን ዳውንስ፣ ኢምፔርያል ኮርትስና ኒከርሰን ጋርደንስ የሚባሉት ሦስቱ ናቸው። የፊተኞቹ ሁለቱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የተሠሩ ሲሆኑ፣ ኒከርሰን ጋርደንስ በ1955 ተፈጽሞ ለነዋሪዎች ተሰጠ። በውስጡ 1,066 መኖሪያዎች የሚገኙ ሲሆን፣ ንድፉን ያወጣው ፖል ዊልያምስ የተባለው ስመ ጥር ጥቁር አሜሪካዊ የሕንጻ መሐንዲስ ነው።

እነዚህ መንደሮች በተሠሩበት ጊዜ ለሠራተኛው ቤተ ሰብ መልካም ማረፊያ ነበሩ። በአቅራቢያው የጎማ፣ የብረትና የአውቶሞቢል ፋብሪካዎች ስለ ነበሩ፣ አባወራው ከሥራ ወደ ቤቱ፣ ከቤቱም ወደ ሥራው ይመላለስ ነበር። ይሁን እንጂ በ1970ዎቹ ማብቂያና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ፋብሪካዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። ሥራ ያጣ ጎልማሳና ተስፋ ያጣ ወጣት በመንደሩ በዛ። ወዲያውም በ1980ዎቹ አጋማሽ ክራክ የተባለው የሚጨስ ኮኬይን ገባ። ዋጋው ለአንድ ጊዜ መጠቀሚያ ርካሽ፣ ሱሱ ግን እጅግ ጽኑ ነበርና ገዥውን ሲያደኸይ ሻጩን በአንድ ሌሊት ባለ ገንዘብ አደረገው።

ቀድሞውንም በየመንደሩ የወጣቶች ወሮበላ ቡድን ነበረ። በጆርዳን ዳውንስ ግሬፕ ስትሪት ክሪፕስ፣ በኒከርሰን ጋርደንስ ባውንቲ ሃንተር ብለድስ፣ በኢምፔርያል ኮርትስ ፒጄ ዋትስ ክሪፕስ የሚባሉት ነበሩ። የዕፁ ገንዘብ በተጨመረበት ጊዜ በጡጫና በጩቤ ይደረግ የነበረው ጠብ በጠመንጃ ሆነ። ሦስቱ መንደሮች በእግር የሚያደርሱ ጎረቤቶች ሆነው ሳለ፣ የአንዱ መንደር ልጅ ወደ ሌላው መሻገር የማይችልበት ጊዜ መጣ። በወሮበላ ሥራ ምንም እጅ የሌለበት ተማሪ እንኳ የሚኖርበት መንደር ብቻ ተቆጥሮበት በጥይት ይመታ ነበር።

በዱላ ብቻ የተደረገው ሙከራ

ፖሊስስ ምን ያደርግ ነበር? ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖራል። ፖሊስ አልተኛም፤ ነገር ግን የመረጠው መንገድ ሕዝቡን ከርሱ የሚያርቅ ሆነ። በዋትስና በፖሊስ መካከል የነበረው ቂም ሥሩ የቆየ ነው። በነሐሴ 1965 አንድ ጥቁር ወጣት መኪና ሲነዳ በፖሊስ ተይዞ በተነሣው ግርግር ሳቢያ ሠፈሩ ለስድስት ቀናት በእሳት ጋየ፤ 34 ሰዎችም ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ፖሊስ ወደ መንደሮቹ ይገባ የነበረው እንደ ጎረቤት ሳይሆን እንደ ዘማች ጦር ነው።

በሚያዝያ 1988 አንድ ሺህ ያህል ፖሊሶች በአንድ ቅዳሜና እሑድ በከተማው ደቡባዊ ክፍል ተሠማርተው ከ1,400 የሚበልጡ ሰዎች ያዙ። ከተያዙት አብዛኞቹ ክስ ሳይመሠረትባቸው ተለቀቁ። እንዲህ ያለው ዘመቻ ወንጀለኛውን ከንጹሑ ስላልለየ፣ ልጇ ያለ ጥፋቱ በካቴና የታሰረባት እናት በማግስቱ ለፖሊስ ምስክር ልትሆን አልፈቀደችም። ምስክር በጠፋበትም ዘንድ ነፍሰ ገዳይ በነጻ ይመላለሳል።

በዚህ ላይ ደግሞ የቤት ነገር ነበረ። የአሜሪካ መንግሥት በዕፅ ንግድ ላይ ባወጣው ብርቱ ሕግ መሠረት፣ በመንግሥት ቤት የሚኖር ሰው ከቤተ ሰቡ ወይም ከእንግዶቹ አንዱ ዕፅ ይዞ ቢገኝ፣ የኪራይ ውሉ ሊፈርስበት ይችላል። በኦክላንድ ከተማ ይኖሩ የነበሩ አራት አረጋውያን ይህ በደረሰባቸው ጊዜ ተከራከሩ። የሁለቱ የልጅ ልጆች የተያዙት በመኪና ማቆሚያው ስፍራ ዕፅ ሲያጨሱ ነው፤ አያቶቻቸውም ነገሩን አናውቅም ነበር ብለው ነበር። በ2002 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ተከራዩ ባያውቅም እንኳ ባለሥልጣኑ ከቤት ሊያስወጣው መብት አለው ሲል በአንድ ድምፅ ፈረደ። የሕጉ ዓላማ ጎረቤትን ከዕፅ ነጋዴ ለማዳን ነው። ይሁን እንጂ አንዲት አያት የልጅ ልጇ ወደ ክፉ መንገድ መሄዱን ስታይ ለፖሊስ ብትናገር ቤቷን እንደምታጣ ካሰበች፣ አፏን ዘግታ ትኖራለች እንጂ ርዳታ አትጠይቅም። ቅጣት ፍርሃትን እንጂ መተማመንን እንደማይወልድ ከዚህ እንማራለን።

የእርቅ መጀመሪያ

በጎ ነገር መጀመሪያ የመጣው ከነዋሪዎቹ ከራሳቸው ነው። በሚያዝያ 1992 የዋትስ ወሮበላ ቡድኖች ተኩስ ለማቆም ስምምነት አደረጉ። የሚያስደንቀው ነገር፣ ለስምምነታቸው እንደ አብነት የወሰዱት በ1949 በግብጽና በእስራኤል መካከል የተደረገውን የጦርነት ማቆሚያ ውል ነው። ያን ውል በተባበሩት መንግሥታት ስም ያስታረቀው ራልፍ በንች፣ በወጣትነቱ በዚያችው በሎስ አንጀለስ ያደገና የተማረ ጥቁር አሜሪካዊ ሲሆን፣ ስለዚሁ ሥራው በ1950 የኖቤልን የሰላም ሽልማት ተቀብሏል። ስምምነቱ በተደረገ ማግሥት፣ ሮድኒ ኪንግን የደበደቡት ፖሊሶች ነጻ በመለቀቃቸው ከተማው በረብሻ ተናወጠ፤ ከ60 የሚበልጡ ሰዎችም ሞቱ። በዚያ ሁሉ ሁከት መካከል የዋትስ እርቅ አልፈረሰም፤ ለዓመታትም የብዙዎችን ሕይወት አተረፈ። ይሁን እንጂ ሥራና ትምህርት ስላልተከተለው ቀስ በቀስ እየላላ ሄደ።

ግድያው እንደገና በበረታ ጊዜ፣ በ2006 የዋትስ ነዋሪዎች፣ የከተማው ምክር ቤት አባልና የፖሊስ አዛዦች በየሳምንቱ ሰኞ የሚሰበሰቡበት ጉባኤ ተቋቋመ። በመጀመሪያው ጊዜ ጉባኤው ጩኸትና ወቀሳ የበዛበት ነበር። ነዋሪው የተበደለውን በአዛዡ ፊት ተናገረ፤ አዛዡም ተቀምጦ መስማትን ተማረ። በሀገራችን ሽማግሌ በተቀመጠበት ሸንጎ እንደሚደረገው፣ ሰው ብሶቱን እስኪጨርስ ድረስ መደመጡ ራሱ የእርቅ ግማሽ ነው።

አዲሱ አሠራር

ከዚህ በኋላ በኅዳር 2011 ትልቁ ሥራ ተጀመረ። ኮኒ ራይስ የተባለች የሰብአዊ መብት ጠበቃ የሎስ አንጀለስን ፖሊስ ለብዙ ዓመታት በፍርድ ቤት ስትከስ የኖረች ሴት ናት። ይህችው ሴት ከፖሊስ አዛዡ ከቻርሊ ቤክ ጋር ተቀምጣ፣ የፖሊስን ሥራ ከሥር የሚለውጥ እቅድ አወጣች። የከተማው የቤቶች ባለሥልጣንም ገንዘብ በመስጠት ተባበረ። አሠራሩ በዋትስ ሦስት መንደሮችና በምሥራቅ በኩል ባለው ራሞና ጋርደንስ በሚባለው መንደር ተጀመረ።

የአሠራሩ ዋና ዋና ነጥቦች እነዚህ ናቸው። አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ መንደር ዐሥር ያህል ፖሊሶች ተመደቡ፤ እነርሱም በዚያው መንደር ቢያንስ አምስት ዓመት ለመቆየት ቃል ገቡ። ፖሊስ በየጊዜው የሚለዋወጥ ከሆነ የማንንም ልጅ ስም ሊያውቅ አይችልም፤ አምስት ዓመት የቆየ ግን በስምንት ዓመቱ ያወቀውን ልጅ እስከ ዐሥራ ሦስት ዓመቱ ያየዋል። ሁለተኛ፣ ፖሊሱ የሚመሰገነውና የሚሾመው ባሰራቸው ሰዎች ብዛት ሳይሆን፣ ከእስር ባዳናቸው ልጆችና ከነዋሪው ባገኘው እምነት ሆነ። ሦስተኛ፣ ፖሊሶቹ በመኪና ማለፍን ትተው በእግራቸው ይዘዋወሩ ጀመር፤ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት በሚሄዱበትና በሚመለሱበት ሰዓት በመንገዱ ላይ ይቆማሉ። አራተኛ፣ ቀድሞ በወሮበላነት የኖሩና የተመለሱ ሰዎች በጠብ መካከል እየገቡ ያስታርቃሉ፤ እነርሱ ሥራቸውን ሲሠሩ ፖሊስ ምስጢራቸውን እንዲያወጡ አያስገድዳቸውም።

በዋትስ ይህን ሥራ ያስተባበረችው ሳጅን ኤማዳ ቲንጊሪዲስ ስትሆን፣ ባሏ ሻምበል ፊሊፕ ቲንጊሪዲስ የአካባቢው ፖሊስ አዛዥ ነበር። ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ ለወላጆች ደስ የሚያሰኘው ዋትስ ቤርስ የተባለው የሕጻናት የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ነው። አሠልጣኞቹ ፖሊሶች ናቸው፤ ተጫዋቾቹም ወላጆቻቸውና ታላላቅ ወንድሞቻቸው ሲገዳደሉ ከኖሩት ከሦስቱ መንደሮች የተሰበሰቡ ልጆች ናቸው። ልጆቹ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው በአንድ ሜዳ ሲጫወቱ፣ እናቶቻቸው ልጆቻቸውን ለማየት ጎን ለጎን መቀመጥ ግድ ሆነባቸው። እንደዚህም ሆኖ፣ ትውውቅ ከሕጻናት ተነሥቶ ወደ ወላጆች ተላለፈ።

ፍሬውና ጉድለቱ

በ2020 የሎስ አንጀለስ የካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በጆርጃ ሊፕ መሪነት ሥራውን መርምረው ውጤቱን አወጡ። ጆርዳን ዳውንስንና ኒከርሰን ጋርደንስን፣ በሁኔታቸው ከሚመስሏቸውና አሠራሩ ካልገባባቸው ስፍራዎች ጋር አመዛዘኑ። በስድስት ዓመት ውስጥ በሁለቱ መንደሮች ሊደርስ ይችል ከነበረው 7 ግድያ፣ 93 ከባድ ድብደባና 122 ዝርፊያ የቀነሰ መሆኑን ገመቱ። ሰባት የሚለው ቁጥር ለሩቅ ተመልካች ጥቂት ይመስል ይሆናል። ለሰባት እናቶች ግን ጥቂት አይደለም።

ሆኖም ሥራው እንከን የለሽ ነው ማለት እውነትን ማዛባት ይሆናል። ሊቃውንቱ ራሳቸው እንደ ገለጹት፣ ከነዋሪዎቹ አንዳንዶቹ ጥርጣሬያቸውን አልተዉም፤ ፖሊስ ወዳጅ መስሎ ወሬ ይሰበስብብናል ብለው የሚሰጉ አሉ። በ2020 ጆርጅ ፍሎይድ በሚኒያፖሊስ በፖሊስ እጅ ከተገደለ በኋላ፣ ለፖሊስ የሚሰጠው ገንዘብ ለትምህርት፣ ለጤናና ለሥራ ቢውል ይሻላል የሚሉ ድምፆች በረቱ። በዚያው ዓመት የከተማው አስተዳደር ለዚህ አሠራር ራሱን የቻለ ክፍል አቋቁሞ ኤማዳ ቲንጊሪዲስን በምክትል አዛዥነት ማዕርግ ሾመባት። ክርክሩ ተገቢ ነው። ደግ ፖሊስ ብቻውን የተዘጋን ፋብሪካ አይከፍትም፤ ፖሊስ የእግር ኳስ አሠልጣኝ ቢሆን መልካም ነው፤ ነገር ግን የመምህሩንና የሐኪሙን ስፍራ ሊይዝ አይገባም።

ለእኛስ ምን ይጠቅመናል?

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። በሎስ አንጀለስ ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ፤ በ2002 ከፌርፋክስ ጎዳና አንዱ ክፍል በኢትዮጵያ ስም መጠራቱም የታወቀ ነው። በአገራችንም ፖሊስ የኅብረተሰብ ተሳትፎ ያለበትን የወንጀል መከላከል አሠራር ከተቀበለ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። በአዲስ አበባም ኮንዶሚኒየም ቤቶች ከተሠሩ ወዲህ ብዙ ቤተ ሰብ ከነባር ሠፈሩና ከእድሩ ተለይቶ፣ ዕጣ ባገናኘው ጎረቤት መካከል ገብቷል። በአንድ ደረጃ እየወጡና እየወረዱ ስም ለስም የማይተዋወቁ ሰዎች ባሉበት ሕንጻ፣ ለልጆች ዕፅ የሚያቀብል ሰው ቢገባ ማን ይለየዋል?

እንግዲህ ከዋትስ የምንወስደው ትምህርት ይህ ነው። በመጀመሪያ፣ የጎረቤታችንን ልጅ በስሙ እንወቀው፤ ሲያጠፋም ለወላጁ በክብር እንናገር፤ ወላጁም «ልጄን ስሙን አጠፋህብኝ» ብሎ ከመቈጣት ይልቅ ያመሰግን። ቀጥሎም፣ ለፖሊስ የምንናገረው ያየነውንና የምናውቀውን ብቻ ይሁን፤ በቂምና በአሉባልታ ሰውን ማስያዝ፣ በዋትስ እንደ ታየው፣ የመንደሩን ሁሉ አፍ ይዘጋል። ከሁሉም በላይ፣ ልጁ በሱስ የተያዘበት ቤተ ሰብ ምስጢሩን ይዞ ብቻውን እንዲቃጠል አንተወው። የሚያፍርበትን ነገር ደፍሮ የሚነግረው ጎረቤት ያገኘ አባት፣ ልጁን ገና ሳይርቅ ይመልሰዋል።

ከፖሊስም በኩል የሚፈለገው ግዴታ አለ። የሚጠብቀውን ሕዝብ በስም ማወቅ፣ ንጹሑን ከበደለኛው መለየት፣ ሲያጠፋም መጠየቅ አለበት። ነዋሪው ያለ ፖሊስ፣ ፖሊስም ያለ ነዋሪው ሠፈርን ሊጠብቅ እንደማይችል የዋትስ መንደሮች የተማሩት ከብዙ ለቅሶ በኋላ ነው። እኛ ግን ያን ያህል ሳናለቅስ ልንማረው እንችላለን።