የአንጎል ምስል ስለ ኦቲዝም ምን ነገረን?

ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ ስሙ ሲጠራ ዞር ብሎ የማያይ፣ ከእኩዮቹ ተነጥሎ የመጫወቻ መኪናውን ጎማ ብቻ ሲያሽከረክር የሚውል፣ አፉን የፈታባቸውን ጥቂት ቃላት መልሶ የጣለ ከሆነ፣ በቤቱ ውስጥ «ምን ነካው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱም ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። አንዱ ቡዳ ነው ይላል፤ ሌላው ጂን ነው ይላል፤ ጎረቤት ደግሞ እናቱን «አቅፈሽ ብታሳድጊው ኖሮ እንዲህ አይሆንም ነበር» ይላታል። እናት የልጇ ጭንቀት ሳያንሳት የሰው ወቀሳ ይጨመርባታል።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ እናትን የመውቀስ ነገር ባልተማረው ዘንድ ብቻ ያለ አይምሰላችሁ። በሠለጠነው ዓለም የተማሩ ሐኪሞችም ለብዙ ዓመታት ሲያስተምሩት ኖረዋል። ኦቲዝምን እ.ኤ.አ. በ1943 አሥራ አንድ ሕፃናትን መርምሮ በጽሑፍ የገለጸው ሐኪም ሊዮ ካነር በአሜሪካ ይሠራ ነበር። ካነር ችግሩ ከልደት ጋር የመጣ መሆኑን ቢገምትም፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን የወላጆችን ቅዝቃዜ አብሮ አነሣ። ብሩኖ ቤተልሃይም በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ጉዳዩን አባብሶ ጥፋቱን በእናቶች ላይ ጣለ። በዚህም የተነሣ ስንቷ እናት በሐኪም ፊት እንደ ወንጀለኛ ቆመች!

ይህንን አስተሳሰብ የናዱት የኋላ ጥናቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1977 ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ራተር በብሪታንያ 21 ጥንድ መንትዮችን መረመሩ። ከ11 ፍጹም ተመሳሳይ ጥንዶች በ4ቱ ሁለቱም መንትዮች ኦቲዝም ሲኖራቸው፣ ከ10 የማይመሳሰሉ ጥንዶች ግን እንዲህ ያለ አንድም አልተገኘም። ይኸውም የኦቲዝም ሥሩ በአብዛኛው በዘር ውርስ ውስጥ መሆኑን አመለከተ። ታዲያ ይህ ውርስ በአንጎል ውስጥ ምን ይሠራል? የሚለው ጥያቄ ተከተለ።

በጭንቅላት ውስጥ የሚሠራ ቅመም

የአንጎል ሕዋሳት እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት በልዩ ልዩ ንጥረ ነገሮች አማካይነት ነው። ግሉታሜት የተባለው እንደ ነዳጅ መስጫ ሕዋሳቱን ያነቃቃል፤ ጋባ የተባለው እንደ ፍሬን ያረጋጋቸዋል። ሴሮቶኒን ደግሞ በእንቅልፍና በስሜት ላይ ከመሥራቱም በላይ በሕፃንነት ጊዜ የአንጎልን እድገት ይመራል።

እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካ የተደረገ ጥናት ከአንዳንድ የኦቲዝም ልጆች ደም ውስጥ ከልክ ያለፈ ሴሮቶኒን አገኘ። ይሁን እንጂ ደም አንጎል አይደለም። የሕያው ልጅ ጭንቅላት ተከፍቶ ስለማይታይ ሌላ ዘዴ መፈለግ ግድ ሆነ።

አንደኛው ዘዴ ፔት ስካን ነው። ጥቂት ጨረር አመንጪ የሆነ ንጥረ ነገር በደም ሥር ይሰጣል፤ ንጥረ ነገሩ በአንጎል ውስጥ የት እንደ ተሰበሰበ በጭንቅላቱ ዙሪያ ያለው መሣሪያ ይለቅማል። ሁለተኛው በኤም.አር.አይ. ማግኔት የሚሠራ ነው። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር ለራዲዮ ሞገድ የሚሰጠው ምላሽ ጥቂት ስለሚለያይ፣ መሣሪያው ጨረር ሳይጠቀም የትኛው ምን ያህል እንዳለ ይገምታል።

ምን ተገኘ?

በአሜሪካ ዲትሮይት ከተማ ዳያን ቹጋኒና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1997 ስምንት የኦቲዝም ልጆችን በፔት ስካን አዩ። ሰባቱም ወንዶች ልጆች ሴሮቶኒን የሚሠሩበት መጠን በአንጎላቸው ግራና ቀኝ እኩል አልነበረም፤ በብቸኛዋ ሴት ልጅ ግን ይህ አልታየም። በ1999 ደግሞ ሰፋ ያለ ጥናት አወጡ። ኦቲዝም በሌላቸው ልጆች የሴሮቶኒን ሥራ እስከ አምስት ዓመት ድረስ ከአዋቂ ሰው ከእጥፍ በላይ ሆኖ ቆይቶ ከዚያ ይቀንሳል። በኦቲዝም ልጆች ግን ይህ የልጅነት ከፍታ አልታየም፤ ከሁለት ዓመት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ቀስ በቀስ እየጨመረ ይሄዳል። ጤነኛ ልጅን በጨረር መመርመር ስለማይገባ ለማነጻጸሪያ የተወሰዱት የልጆቹ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንዲሁም ኦቲዝም የሌላቸው የሚጥል በሽታ ሕሙማን ነበሩ።

በ2016 በካሮላይን ሮበርትሰን የተመራ ጥናት ደግሞ ጋባን ተመለከተ። ለሁለቱ ዓይኖች የተለያየ ሥዕል ሲቀርብ አንጎል አንዱን እየጣለ ሌላውን ያነሣል። ኦቲዝም በሌላቸው ሰዎች ይህ መቀያየር ከጋባ መጠን ጋር ሲያያዝ፣ ኦቲዝም ባላቸው ዘንድ ግን መቀያየሩ ዝግ ያለ ሲሆን ግንኙነቱም ጠፍቶ ተገኘ። የሚገርመው የጋባው መጠን ራሱ ያነሰ አልነበረም፤ የተለየው አሠራሩ ነበር።

ከምስል እስከ መድኃኒት

እንግዲህ «ጉድለቱ ከታወቀ መድኃኒቱ የታለ?» ማለታችሁ አይቀርም። የሴሮቶኒንን ሥራ የሚነካ ቡስፒሮን የተባለ መድኃኒት በ166 ሕፃናት ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2016 ወጣ። በዋናው መለኪያ ከባዶ ክኒን አልበለጠም፤ አንድን ነገር ደጋግሞ የመሥራት ጠባይን ብቻ በአነስተኛው መጠን ጥቂት ቀነሰ። በሴሮቶኒን ላይ የሚሠራ ሲታሎፕራም የተባለ ሌላ መድኃኒትም በ149 ልጆች ተሞክሮ በ2009 ጥቅም እንደሌለው ተገለጸ። የኦቲዝም ልጆች አንዱ እንደ ሌላው አይደሉምና፣ የብዙዎችን አማካይ የሚያሳይ ምስል ስለ አንዱ ልጅ ብዙ አይናገርም።

ስለዚህ ወላጆች ሁለት ነገር እንዲይዙ እንወዳለን። አንደኛ፣ ኦቲዝም በአንጎል እድገት ውስጥ ያለ ልዩነት እንጂ እናት ሳትታቀፍ የቀረችው እቅፍ ውጤት አይደለም። ሁለተኛ፣ ዛሬም ኦቲዝምን የሚለይ የአንጎል ምስል የለም። ሐኪም የሚጥል በሽታን ወይም ሌላ ሕመም ጠርጥሮ ምርመራ ቢያዝ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን «በስካን ኦቲዝሙን አይተን እናድናለን» ለሚል ሰው ቤት ንብረት ሸጦ መስጠት ከንቱ ነው። ኦቲዝም የሚለየው የሠለጠነ ባለሙያ ልጁን ተቀምጦ በማየትና ወላጅን በመጠየቅ ነው። ዱዓ ማድረግ የወላጅ ወግ ነው፤ ልጅን ይዞ ወደ ባለሙያ መሄድን ግን አያስቀርም።

ልጁን የሚጠቅመው በጊዜ መጀመር ነው። በአገራችን በ2021 ያረፉት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ፣ እንዲህ ያሉ ልጆች ከጓዳ ወጥተው ሊማሩ እንደሚችሉ አሳይተዋል። ዘመድና ጎረቤትም ቢሆን የሚረዳበት መንገድ ቀላል ነው። እናቲቱን ከመውቀስ ይልቅ ልጁን አንድ ከሰዓት ይዞላት፣ እስቲ አረፍ ትበል።