ብርሃን የሚያቆዩ ማዕድናት

እ.ኤ.አ. በ1600ዎቹ መጀመሪያ በጣሊያን ቦሎኛ ከተማ ይኖር የነበረው ጫማ ሰፊው ቪንቼንዞ ካሽያሮሎ ወርቅ ለመሥራት ይመኝ ነበር። ከፓዴርኖ ተራራ ያመጣውን ከባድ ድንጋይ ከከሰል ጋር አቃጠለው። ወርቅ አላገኘም፤ ድንጋዩ ግን ፀሐይ ላይ ቆይቶ ጨለማ ውስጥ ሲገባ እንደ ፍም ቀላ።

ድንጋዩ ያንን ብርሃን ከራሱ አላመነጨውም፤ ቀን የተቀበለውን ነው ማታ የመለሰው። ብርሃን ሲያርፍበት በውስጡ ያሉት ኤሌክትሮኖች ጉልበት አግኝተው ወደ ላይኛው ደረጃ ይወጣሉ፤ ሲወርዱ ያንኑ ጉልበት በብርሃን መልክ ይለቁታል። ከፊሉ በሙቀት ስለሚባክን የሚወጣው ብርሃን ከገባው ይደክማል። ለዓይን የማይታይ አልትራቫዮሌት ገብቶ የሚታይ ቀለም የሚወጣው በዚሁ ምክንያት ነው። እንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው ጆርጅ ስቶክስ ይህን በ1852 አብራርቷል፤ ከተመራመረባቸው ነገሮች አንዱ የወባ መድኃኒቱ ኩዊኒን ነበር።

በየቢሮው ጣሪያ ላይ የምናየው ረጅሙ የፍሎረሰንት አምፖል የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። በውስጡ ያለው የሜርኩሪ ትነት አልትራቫዮሌት ይረጫል፤ መስታወቱን ከውስጥ የሸፈነው ነጭ ዱቄት ደግሞ ወደ ነጭ ብርሃን ይለውጠዋል። በብዙ ፍሎረሰንት ነገሮች ኤሌክትሮኑ ተመልሶ የሚወርደው በቢሊዮንኛ ሰከንዶች ውስጥ ስለሆነ፣ የሚያበራቸው መብራት ሲጠፋ እነሱም አብረው ይጠፋሉ።

በጨለማ የሚያበሩት ዕቃዎች ልዩነታቸው መዘግየቱ ላይ ነው። በማዕድኑ ውስጥ ኤሌክትሮኑን ይዘው የሚያቆዩ ወጥመዶች አሉ፤ ከዚያ የሚያስለቅቀው የአካባቢው ሙቀት ነው። ቀድሞ ይሠራበት የነበረው ዚንክ ሰልፋይድ ቶሎ ይደበዝዝ ስለነበር የሰዓት ፋብሪካዎች ጨረር አመንጪውን ራዲየም ቀላቀሉበት። በ1910ዎቹና 20ዎቹ በአሜሪካ ብሩሹን በከንፈራቸው እያሾሉ በዚህ ቀለም የሰዓት ቁጥር ከቀቡ ሴት ሠራተኞች አንዳንዶቹ መንጋጋቸው እየበሰበሰ ሞቱ። የጃፓኑ ኔሞቶ ኩባንያ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያቀረበውን ስትሮንሺየም አሉሚኔት ከልብ የማደንቀው ለዚህ ነው፤ ዩሮፒየምና ዲስፕሮሲየም የተባሉ ንጥረ ነገሮች በጥቂቱ ተጨምረውበት፣ ያለ አንዳች ራዲየም ሌሊቱን ሙሉ አረንጓዴ ያበራል።

የሙቀቱን ሥራ በዓይን ማየት ይቻላል። ከልጆች ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ የሚያበራ ኮከብ አንሥታችሁ በስልክ መብራት አጥግቡት፤ ከዚያ በጨለማ ሙቅ ውኃ ውስጥ ክተቱት። ወዲያው ይደምቃል፤ የያዘውን ግን ቶሎ ይጨርሳል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢገባ ደግሞ ይደበዝዛል፤ ያልለቀቀውን ብርሃን ወጥቶ ሲሞቅ ይሰጣል።